ትርፍ አንጀት ያልሁት ጠባሳ

ጥቅምት 6፣ ደባርቅ፣ ጠዋት

ዛሬም አክታዬ ደም አለበት። የቲቢውን ኪኒን ጨረስሁ፤ ሳሉ ግን ባሰበት። ጤ/ጣቢያው ቲቢ ሳያገኝብኝ ነው ኪኒኑን የሰጠኝ፤ አሁን ወደ ጎንደር ሆስፒታል ጻፈልኝ። አንተ ማስታወሻ ትታዘበኛለህ። እንደ ሰዉ ሁሉ።

የሽ ደጄ ላይ ቆመች። የሟቹ ባሌ እህት ናት። አፏን በነጠላዋ ሸፍና፣ ጎንደር ሄጄ አስታምምሻለሁ ትላለች። ማን ለመናት?

ጥቅምት 9፣ ጎንደር

ሆስፒታል። ልጅ እግር ዶ/ር የራጅ ፊልሙን ወደ መብራቱ ያነሳል። ሳንባዬ ላይ ክብ ክብ ነገር፣ እዚህም እዚያም። ቲቢ አይመስልም አለ። ቀዶ ጥገና ተደርጎልዎት ያውቃል? የሽ ቀደመችኝ፦ «ትርፍ አንጀት፤ ድሮ።» ጠባሳዬን አየ። ከእምብርቴ በታች ቁልቁል የወረደ ነው። «እናቴ፣ ትርፍ አንጀት እዚህ አይደለም።»

«አንተ ጡት ሳትጥል የዳነ ቁስል ነው፤ ምን አገባህ?» አልሁት።

ጠላሁት። እውነቱን ስለተናገረ።

ያው ቀን፣ ከሰዓት

ላንተ እንኳ ጽፌልህ አላውቅም። ደሙ አልቆም ሲለኝ ማሕፀኔን ያወጡት እዚሁ ጎንደር ነው። ባሌ ለሰሊጥ አጨዳ ሁመራ ወርዶ ነበር። ክፉ ዕጢ ነው፣ እየመጣሽ ታዪ አሉኝ። ባሌ ካርዱን ያይብኛል ብዬ አልተመለስሁም። ትርፍ አንጀት ነው አልሁት። አመነኝ። ልጅ ስጪኝ ብሎ ለደረስጌ ማርያም ጥላ ተሳለ፤ ባለ ዘርፉን ጥላ አስቀድሞ ገዛ። እስኪሞት ጠበቀ። እኔ እያወቅሁ አሜን አልሁ።

ጥቅምት 10

ዶ/ሩ ዛሬም ያንኑ ጠየቀኝ። የሽን አስወጣልኝ ማለት እችል ነበር። አላልሁም። እፊቷ ተናገርሁ። ትስማው።

«ወንድሜን! ደረስጌ ስታመላልሺው!» ብላ ወጣች። ዶ/ሩ ቶሎ ቶሎ ይጽፋል። ከሳንባዬ በመርፌ ናሙና ይወሰድ አለ።

ኅዳር 1፣ ደባርቅ

የናሙናውን መልስ ይዤ ተመለስሁ። ዶ/ሩን በአማርኛ ጻፍልኝ ብዬው ነበር፤ ፊደል ብቻዬን ነው የቆጠርሁ፣ አነብባለሁ። የማሕፀን ጡንቻ ካንሰር። ብዙ ሴት ላይ አይታይም። ማሕፀኑ ወጥቶ ተጥሏል፤ እሱ ግን ይህን ሁሉ ዘመን ሳንባዬ ውስጥ አድፍጧል። አይድንም፤ መድኃኒት ያዘገየዋል። ቀደም ብለው ቢመጡ ኖሮ አላለኝም። ቢለኝ ይሻል ነበር።

የሽ ደጄ ላይ ትጮኻለች። ጎረቤት ይሰማል። ማርያም ፈረደችብሽ አለችኝ። ውሸቷን ነው። ከሐኪም የሸሸሁ እኔ።

ኅዳር 2፣ ሊነጋ ሲል

ጥላውን ከሳጥን አወጣሁ። ዘርፉ አልደበዘዘም። ልጁ ስላልመጣ ስለቱ አይገባም ብዬ አስቀርቼው ነበር። ማርያም ምን አደረገች? ልጁን የከለከልሁት እኔ ነኝ። ለየሽ እልክላታለሁ፤ በወንድሟ ስም ለደረስጌ ታስገባው። ይቅር በይኝ አልላትም።

በመጀመሪያው አውቶቡስ ጎንደር እወርዳለሁ። መድኃኒቱን እጀምራለሁ። አስታማሚ ቢሉኝ የለኝም። የምን ቀዶ ጥገና ቢሉኝ ማሕፀኔን እላለሁ፤ ጮክ ብዬ።