«ለቆሻል» ከተባልኩ በኋላ

ሲሃም፣
እናቴ ጋ ሊሙ ገነት ሄጃለሁ። ዛሬ ውሃ ይመጣል፤ ባልዲዎቹን ሙዪ። ወጡን እኔ አልነካሁትም፣ ሳትሰጊ ብይው።

ሐኪሙ «ኮሮናው ለቆሻል፤ ከእንግዲህ ለሰው አታስተላልፊም» ሲለኝ አብረሽኝ ነበርሽ። ያም ሆኖ ምግቤን በር ላይ አስቀምጠሽ፣ አንኳኩተሽ ትሮጫለሽ። አባትሽን የነጠቀሽ ኮሮና ነውና አልፈርድብሽም።

ግን ትናንት በርበሬ ትን ብሎኝ፣ ሳሌን እንዳትሰሚ ትራስ ነክሼ ልታፈን ነበር። እንዲህ መኖር አልቻልኩም።
ሳልሰናበትሽ መሄዴን አውፍ በይኝ።

ለእናቴ ሐኪሙ ያለውን በስልክ ነገርኳት። «አልሐምዱሊላህ፣ ኮቱ፣ ነይ ልጄ» አለችኝ። ደስ አለኝ። ቀጥላ «ቡና መጋዘኑ ውስጥ አልጋ አንጥፌልሻለሁ» አለች።

እሺ አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ?

ኢፍቱ