ሞቃት ነበር የተባለው ሴፕቴምበር

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለሌቡሳ፤

ወንድምዓለም፣ እንደምን ሰነበትክ? ያ ሳል ለቀቀህ ወይ? ማዕድን ማውጫው ውስጥ ፈረቃህን ቀየሩልህ ወይስ አሁንም ፀሐይ ሳታይ ነው የምትውለው? ባለቤትህ ማሬፊሎዌስ ጤናዋ እንዴት ነው? ልጃችሁ ሬፊሎዌ ትምህርት ጀመረች? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ። እማዬም አባባም በጤና አሉ። ይህን አስቀድሜ የምነግርህ ቀጥሎ ያለውን ስታነብ እንዳትደነግጥ ነው። ሰው አልሞተብንም።

አባባ "ለሌቡሳ እንዳትጽፊለት፣ ሥራውን ጥሎ ይመጣል" ብለውኝ ከወር በላይ ዝም አልኩ። ነገር ግን ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰማው ነገሩን ካመጣሁት ከእኔ ብትሰማው ይሻላል።

እንደምታውቀው በአርቢዎች ማኅበር የአየር ጠባይ ክፍል በየወሩ አንድ ጽሑፍ አዘጋጃለሁ። ከሐሩሩ ክልል ወዲህ ባለው የደቡብ ዓለም ነፋሱ በየት በየት እንደዞረ፣ የት እንደሞቀ፣ የት እንደዘነበ እጽፍና የመጪውን ወር ግምት እጨምራለሁ። በኦገስት መጨረሻ ያ ዓለምን የሚዞረው የምዕራብ ነፋስ ከወትሮው ይልቅ ወደ ደቡብ ዋልታው ተጠግቶ ነበር። ብርዱንና ዝናቡን ይዞ በባሕሩ ላይ ያልፋል፤ እኛ ጋ አይደርስም። ስለዚህ "ሴፕቴምበር ከወትሮው የሞቀና የደረቀ ይሆናል" ብዬ ጻፍኩ። በሬዲዮ ሲነበብ ስሜም ተጠራ።

አባባ አገር ቤት ሞኮትሎንግ ሆነው ሰሙት። ጎረቤታችን ሞካቻኔ "ብርዱ ሳይወጣ፣ ኦክቶበር ሳይገባ ፍየል ይሸለታል? አበድክ እንዴ?" ቢሏቸው፣ "የጻፈችው ልጄ ናት፤ ሰማዩን ከእሷ ይበልጥ ልታውቅ ነው?" ብለው ለጠጉራቸው የሚያረቧቸውን አርባ ሦስቱንም ፍየሎች በመጀመሪያው ሳምንት ሸለቷቸው። ከዚያም ወደ ተራራው ግጦሽ መለሷቸው።

ሴፕቴምበር አሥራ አምስት ቀን ካርታው ላይ አየሁት። ከምዕራቡ ነፋስ ተገንጥሎ የቀረ ቀዝቃዛ አየር ወደ እኛ እየመጣ ነበር። እንዲህ ያለው ቁራጭ የት እንደሚያርፍ ከወር በፊት የሚያውቅ የለም፤ ሁለት ቀን ሲቀረው ግን ይታያል። ወዲያው ደወልኩ።

"አባባ፣ በረዶ ሊጥል ነው፤ ፍየሎቹን አውርዱና ቤት አስገቡ" አልኳቸው።

"ይሞቃል አላልሽም እንዴ?" አሉ።

"የወሩ ሌላ ነው፣ የሦስት ቀኑ ሌላ ነው።"

"ታዲያ ያኔ ለምን አልነገርሽኝም?" ብለው ስልኩን ዘጉት።

ከተራራው ሲወርዱ በረዶው መንገድ ላይ ያዛቸው። እማዬ እንደነገረችኝ የለበሱትን ብርድ ልብስ ለአንዷ ፍየል አልብሰው፣ ራሳቸው የበቆሎ ጆንያ ደርበው ነው የገቡት። ጎጆው ውስጥ እሷ ለብርድ ጊዜ ያስቀመጠችውን ኩበት በሦስት ቀን አንድዳ ጨረሰችው። አሥራ ዘጠኙ ተረፉ። ሃያ አራቱ ግማሹ መንገድ ላይ፣ ግማሹ እሳቱ አጠገብ ሞቱ። ያቺ ነጯ፣ አንተ ስም ያወጣህላት፣ ከሞቱት ናት።

ወሩ ሲያልቅ የየቀኑን ሙቀት ደምሬ አማካዩን አወጣሁ። ሴፕቴምበር ከወትሮው በአንድ ነጥብ ሁለት ዲግሪ ሞቃት ሆኖ ተገኘ። ሦስቱ የበረዶ ቀናት በሃያ ሰባቱ ሙቅ ቀናት ውስጥ ገብተው ጠፉ። አለቃዬ ወይዘሮ ማሴኬ "ልክ ገባሽ፣ እንኳን ደስ አለሽ" አሉኝ። አመሰገንኩ።

በሳምንቱ ፈቃድ ጠይቄ አገር ቤት ሄድኩ። መንደሩ ስብሰባ ተቀምጦ ነበር። ሞካቻኔ እንዳዩኝ "አንቺ ልጅ፣ የአባትሽ ፍየሎች የሞቱት በአማካይ ነው?" አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። አባባ መሬት መሬቱን ያያሉ። ተነሥቼ ቆምኩና "ትንበያዬ ልክ ነበር፤ ፍየሎቹም ሞተዋል። ወሩ ይሞቃል ማለት በረዶ አይጥልም ማለት እንዳልሆነ መናገር ነበረብኝ፣ አልተናገርኩም። ጥፋቴ እሱ ነው" አልኩ። ሞካቻኔ ራሳቸው "በቃ ተቀመጪ፣ ልጄ" አሉኝ።

በማግስቱ ጠዋት ሁለት ያረገዙ ፍየሎች እየነዱ ደጃችን መጡ። አባባን "ወተቱም ግልገሉም ያንተ ነው። አልተሸለቱም፣ አደራህን!" አሏቸው። አባባ ከዚያ ሁሉ ቀን በኋላ ያን ጊዜ ሳቁ።

አሁን በጽሑፌ መጨረሻ "ይህ የወሩ አማካይ ነው፤ ፍየል የሚሸልት ሰው የዕለቱን ትንበያ ይጠብቅ" የሚል እጨምራለሁ። ወይዘሮ ማሴኬ "ይህ የእኛ ሥራ አይደለም" ብለው አንድ ጊዜ ሰርዘውት ነበር። መልሼ ጻፍኩት፤ ሁለተኛ አልሰረዙትም።

አደራ፣ ሥራህን ጥለህ እንዳትመጣ። የሚሠራው ሁሉ ተሠርቷል።

እማዬን በጣም ናፍቀሃታል፤ ደረትህን ከብርድ ጠብቅ ብላለች። ሞካቻኔም ሰላም ብለውሃል። ማሬፊሎዌን አቅፈህ ሳምልኝ፤ ለሬፊሎዌ አክስትሽ ትወድሻለች በላት። አባባ ሰላምታቸውን ልከዋል። በየማታው ይደውሉልኛል። ስለ ወሩ አንድም ቀን ጠይቀውኝ አያውቁም። "ነገስ?" ይላሉ። የነገውን እነግራቸዋለሁ።

እህትህ ንታቲሲ
ማሴሩ፣ ኖቬምበር 9 ቀን 2014