የጭዱ እርሾ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

አንተ ደብተሬን ሳላይህ የምትገልጥ፣ ሳቅህን ዋጥ አድርግና ስማኝ።

ባለቤቴ ዓለምነሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ አረቄ አውጪ ነበረች። «እህሉን የሚያጣፍጠው ብቅል ነው፤ ካልጣፈጠ አረቄ የለም። ጭድም ብቅሉ ቢገኝለት ይጠነሰስ ነበር» ትል ነበር። አንድ ክረምት ከበሰበሰ ጭድ ላይ ነጭ ሻጋታ አገኘችና በማሰሮ አኖረችው። ጭድ ስትጨምርበት አላሽቆ ውሃውን ያጣፍጠዋል። እሷ ከሞተች ወዲህ ጭድ የማበላው እኔ ነበርኩ።

ባለፈው ወር አንድ የምርምር ባለሙያ የአካባቢውን ሰዎች እንጅባራ ላይ ሰብስቦን፣ «ጭድ አፈራርሶ ወደ ስኳር የሚለውጥ ኢንዛይም ብናገኝ ነዳጅ እናወጣለን» አለ። ብድግ ብዬ «ሚስቴ ካገኘችው ቆየች!» አልኩ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ባለሙያው ግን «እስቲ ያምጡት፣ ይመረመራል» አለኝ። በማግስቱ ማሰሮውን ታቅፌ ከጥሊሊ በሚኒባስ ወሰድኩለት።

ዛሬ ውጤቱን ልጠይቅ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ሸተተን፤ ደፋነው» አለኝ ባለሙያው።

«ሳትመረምሩት?»

«ሻጋታ መቼም ከቤትዎ አይጠፋም። ሌላ ያምጡ።»

ባዶውን ማሰሮ ይዤ ተመለስኩ። ቤት ገብቼ ቦታው ላይ ሳስቀምጠው ነው የገባኝ። ሊጥ የምታቦካ ሴት ሁሉ እርሾ ታስቀራለች፤ እኔ ግን አሟጥጬ ሰጠሁ። ዓለምነሽ ብትኖር «እርሾ ሳታስቀር?» ትለኝ ነበር።

አንተ ባለሙያ፣ አምጣ ያልከኝ በሕዝብ ፊት ነው። በዚያው ሕዝብ ፊት ቁምና መልስልኝ፤ ሳታየው ለምን ደፋኸው?