በሲቮዶል ድልድይ ላይ በግራ በኩል

ፕሎቭዲቭ፣ ሐሙስ

ውድ ኦግኒያን፣

«የቬሴሊና ልጅ ሲቮዶል ነው ያለው አሉ። አየሩ ለሳንባ ጥሩ ነው፤ ድልድዩ ላይ ግን እንግዳ ሰው ይቸገራል።»

ይህን የሰማሁት ዛሬ ጠዋት ዳቦ ቤት ተሰልፌ ነው። ተናጋሪዋ ከእናትህ በታች ባለው ፎቅ የምትኖረው ሴትዮ ናት፤ ሰሚዋን አላውቃትም። ሰሚዋ «ለሳንባስ እኔም ባገኘሁ» ብላ ዳቦዋን ይዛ ሄደች። ምንም አልመሰላትም። ከተሰለፈው ሰው ዞር ብሎ ያየ የለም። እኔ ብቻ ሻጯ «አንተ ሰውዬ፣ የምትገዛው ጠፋህ?» እስክትለኝ ድረስ እንደ ምሰሶ ቆሜ ቀረሁ። እውነትም ጠፍቶኝ ነበር። ባዶ እጄን ወጣሁ።

ድንጋጤዬ እንዲገባህ አንድ ነገር ላስታውስህ፤ ሲቮዶልን የሠራሃት አንተ ነህ። እኔ፣ ካሜሊያና ያቮር እያየን፣ ዓርብ ዓርብ በእናትህ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ፣ በእርሳስና በዳይስ የሠራሃት የጨዋታ ከተማ ናት። አንተ ከተማዋን የምትተርክልን አጫዋች፣ እኛ ነዋሪዎቿን ሆነን የምንናገር ተጫዋች። በጨው መስፍን የምትገዛ፣ ድንጋይ የሆኑ ግዙፋን ከበዋት የቆሙ፣ በዚህ ምድር ላይ የሌለች ከተማ። የሌለች ከተማ ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ ምን ታደርጋለች?

የት እንዳለህ አላውቅም። ስለዚህ ይህን የምጽፈው የት እንደምልከው ሳላውቅ ነው። ቢሆንም ካልጻፍኩ የማነጋግረው ግድግዳውን ነው፤ ግድግዳዬ ደግሞ አንተን አያውቅህም።

ዓለም ስትሠራ የነበረህን ሕግ አልረሳሁም። ሰው ተአምር ይዞ ሲመጣ «ይግባ» ትልና «ማን ይጠርገዋል?» ብለህ ትጠይቃለህ። ካሜሊያ ዘንዶ ያመጣች ቀን ትዝ ይልሃል?

«ይግባ» አልካት። «ውሃ የሚጠጣው ከየት ነው?»

«ከወንዙ።»

«ከታች ልብስ የሚያጥቡት ሴቶችስ ምን አሉ?»

«ምን ይላሉ? ይፈራሉ።»

«በመጀመሪያው ቀን ይፈራሉ። በሳምንቱ ይሳደባሉ። ፋንድያውንስ ማን ይጠርገዋል?»

ዘንዶው ወር ሳይሞላው በገዛ ፈቃዱ አገሪቱን ለቀቀ። ያቮር ደግሞ የወርቅ ቤተ መንግሥት ሊያስገባ ሲል የሽንት ቤቱ ፍሳሽ በየት እንደሚወርድ ጠየቅከው። ያቮር ቧንቧ ሠራተኛ ነው። ይህን ባለማሰቡ እስከ ፋሲካ አንገቱን እንደደፋ ከረመ።

አንተ የምታስገባው ግን ሌላ ነበር። የተሰነጠቀ የቤተ ክርስቲያን ደወል፤ ሴቶቹ ዳቦ ከምድጃ የሚያወጡት በእሱ ድምፅ ስለሆነ ማንም እንዲቀየር የማይፈልገው። የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር የሚያቋርጡት አንድ ድልድይ፤ የላዮቹ በግራ፣ የታቾቹ በቀኝ፤ መሐል ላይ ሲገናኙ ሁለቱም ፊታቸውን ወደ ውሃው የሚያዞሩ። እኔ ብዙ መጽሐፍ አንብቤያለሁ፤ እዚያ ድልድይ ላይ ያለውን ያህል እውነት የትም አላገኘሁም። ቤቴ እየሄድኩ «ይህ ልጅ ከየት ነው የሚያመጣው?» እያልኩ እቀና ነበር።

የጠቡን ሰበብ ስትነግረን ግን አላመንንህም። የታች ሰፈር ሰው የላይ ሰፈሩን በቅሎ ቃጭል ሰርቆ ለፍየሉ አሰረ፤ ከዚያ ወዲህ ሦስት ትውልድ ተኳረፈ አልከን።

«ወንድሜ» አለች ካሜሊያ፣ «የኔን ዘንዶ አይታመንም ብለህ አባረህ በፍየል ቃጭል መቶ ዓመት ተኳረፉ ስትል እንመንህ?»

ያቮር ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። አንተ ግን ተነስተህ ታጥበው የተደረደሩትን ብርጭቆዎች እንደገና ማጠብ ጀመርክ። የደራሲ ኩራት ነው ብዬ አለፍኩት።

ከዚያ አንድ ዓርብ መጥተን ወንበርህ ባዶ ሆኖ አገኘነው። እናትህ «ሄዷል» አሉን፤ ባኒጻውን፣ ያንን አይብ የተሞላ ቂጣቸውን፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ሌላ ቃል ሳይጨምሩ ወጡ። በላነው፤ ምን እናድርግ? ያለ አንተ ልንጫወት ሞክረን ነበር። ያቮር ወዲያው የወርቅ ቤተ መንግሥቱን አስገባ፤ የሚጠይቀው ሰው አልነበረም። አንድ ሰዓት ሳይሞላ በከተማዋ ላይ የነበረን እምነት ሁሉ ተነነ። ዳይሱን ሰበሰብን። ከዚያ ወዲህ ስምንት ዓመት ሆነ። ጀርመን ገብቷል ሲሉ ሰማን፤ ቀጥሎ ሞቷል ሲሉ ሰማን፤ ያቮር ደግሞ መርከብ ላይ ነው ይላል።

ዛሬ ከሰዓት እናትህ ዘንድ ሄድኩ። በሩን ከፍተው «ትሪፎን፣ እግዜር ነው የላከህ፤ እዚህ ላይ ቁጭ በልልኝ» አሉና አልዘጋ ያለ ሻንጣ ላይ አስቀመጡኝ። ከሥሬ ጠርሙስ ተንቋቋ።

«ቀስ በል፤ የቃሪያ ድልህ ነው። እዚያ ብርድ ነው፤ ቃሪያ አያበቅልም ብሎኛል።»

ልክ ነው፤ ሲቮዶል ቃሪያ አያበቅልም። ገበያዋ ላይ ቃሪያ ያስቀመጥኩ ቀን «በዚህ ከፍታ?» ያልከኝ እኔን ነው።

«ማን ነው ያለዎት?» አልኳቸው።

«ኦግኒያን ነዋ። ከገና ወዲህ እሑድ እሑድ ይደውላል። ልጅ ወልዷል እኮ፤ ሴት። ቪዳ ብለዋታል፤ ጥርስ አብቅላለች።»

ቪዳ። ኦግኒያን፣ ቪዳ እኔ ነበርኩ። ያንን የተሰነጠቀ ደወል የምትደውለውን ሴት ከሁለት ዓመት በላይ የተጫወትኳት እኔ ነኝ፤ በበልግ ጎርፍ የሞተችውም በኔ መጥፎ ዳይስ ነው። በእናትህ ሻንጣ ላይ ተቀምጬ የሞተችው ቪዳ ጥርስ ማብቀሏን ሰማሁ።

«ስሟን በኔ ስም መነሻ ፊደል ነው የጀመሩላት» አሉኝ እየሳቁ። «ለአያት ደንቡ እንዲህ አይደል? ቅዳሜ ሄጄ ልይዛት ነው። ቤቱን ለሁለት የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች አከራይቼዋለሁ። ጨዋ ልጆች ናቸው፤ ገና በሩ ላይ ጫማቸውን አወለቁ።»

እንግዲህ ልብ በል። ሰባ ዓመት ያለፋቸው እናትህ ቤታቸውን ለሰው ሰጥተው፣ ድልህ በሻንጣ ይዘው፣ አንተ በእርሳስ ወደ ሠራሃት ከተማ፣ አንተ በአፍህ የወለድካትን ልጅ ሊያሳድጉ ቅዳሜ ይነሳሉ። ሰው እናቱን ሲዋሽ ሰምቼ አውቃለሁ። እንዲህ በጥንቃቄ፣ ከነአየር ንብረቱ የዋሸ ግን አላጋጠመኝም።

ልነግራቸው ሞከርኩ። «እትዬ ቬሴሊና፣ ሲቮዶልን እኮ የሠራናት እኛ ነን።»

«መንገዱን?»

«ከተማዋን። እዚሁ ኩሽና ውስጥ። በጨዋታ።»

ረጋ ብለው አዩኝ። «ጠንከር ብለህ ተጫን፤ ዚፑ በዚያኛው በኩል ተይዟል።»

ተጫንኩ። ተዘጋ። «እንግዲህ ድልድዩን በግራ ነው የምሻገረው» አሉ ሻንጣውን በጨርቅ እየወለወሉ። «አደራ፣ ቅዳሜ ጣቢያ ድረስ ተሸከምልኝ።»

እሺ ብዬ ወጣሁ። ሐሳቤ ምን ነበር መሰለህ? ትኬት ቆራጯ «እንዲህ የሚባል አገር የለም» ትላቸዋለች። እኔ ከምነግራቸው ከመስኮት ወዲያ የተቀመጠ የማያውቁት ሰው ቢነግራቸው ይሻላል ብዬ ነው።

ለካሜሊያ ደወልኩላት። ነገሩን ስነግራት «ሌላው ሰው ሲዋሽ ሙኒክ ነኝ ይላል» አለች። «የሱ ይለያል።»

«የልጅ ልጅ ፈጠረላቸው እኮ፣ ካሜሊያ።»

«ማን ይጠርገዋል እያለ ሲያደርቀን የኖረ ሰው! ይሄንንስ ማን ሊጠርግለት ነው?»

«እኛ ነና።»

«የኔ ዘንዶ ይሻል ነበር» ብላ ዘጋችው።

ቅዳሜ

ኦግኒያን፣ ይህን የምጨርሰው አውቶቡስ ጣቢያው አግዳሚ ላይ ነው፤ ወረቀቱ ጉልበቴ ላይ ስለሆነ ጽሕፈቱ ቢያስቀይምህ ታገሠኝ። ሾፌሩ ቡናውን ይጠጣል። እናትህ ተሳፍረዋል።

የሆነው እንዲህ ነው። መስኮቱ ጋ ደረስን። እናትህን ለመደገፍ ከኋላቸው ተጠግቼ ቆምኩ፤ የሚያዞራቸው መስሎኝ ክንዳቸውን ይዤ ነበር። «ለሲቮዶል» አሉ። ትኬት ቆራጯ የሱፍ ፍሬ ትፈለፍላለች። ቀና አላለችም።

«መሄጃ ብቻ ወይስ ደርሶ መልስ?»

«መሄጃ ብቻ።»

ትኬቱን ቆረጠችላቸው። ክንድ የሚደግፍ ያስፈለገው ለኔ ነበር።

ከመስኮቱ ጎን የተራራው መንገዶች ካርታ ተሰቅሏል። ወንዙን አየሁት፤ አላወቅኩትም። ከዚያ አንገቴን እንደ ዶሮ ወደ ጎን አጠፍኩ፤ ጠጋ ብዬ ይበልጥ አጠፍኩት። ያ የኛ ወንዝ ነው። ያ የኛ መታጠፊያ ነው። ካርታችንን ገልብጠህ፣ ደቡቡን ወደ ላይ አድርገህ ነው የሣልክልን። ያንን ወንዝ «በተፈጥሮ ሕግ እንዲህ ሊፈስ አይችልም» ብላ አንድ ሙሉ ምሽት የተከራከረችህ ካሜሊያ ናት። ካሜሊያ የጂኦግራፊ አስተማሪ ናት። ፋንድያ ስንቆጥር ስንኖር አንዳችንም አትላስ አልገለጥንም።

«እትዬ ቬሴሊና፣ ቦታውን ከድሮ ያውቁታል?» አልኳቸው።

«እንዴት አላውቀው? ባሌ የዚያ ሰው አይደለ? ጥሎን ሲሄድ የዚያ አገር ስም በቤቴ እንዳይነሳ ብዬ ማልኩ። ልጁ የትምህርት ዕረፍት በመጣ ቁጥር አያቱ ዘንድ ይሄዳል፤ ሲመለስ አልጠይቀውም፤ አይነግረኝም። በኋላ ተጠቃልዬ ልሂድ ሲለኝ እንግዲያው አትመለስ አልኩት። ይሄ አፌ።»

«ጨዋታውንስ ይሰሙ ነበር?»

«ግድግዳው እኮ ስስ ነው። ኩሽና ሆናችሁ ሲቮዶል ሲቮዶል ስትሉ እሰማለሁ። ጨዋታ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ጨዋታ ባይሆን ዝም እል ነበር?» መሐረባቸውን አጥብቀው አሰሩ። «ያቺን ቃጭሏ የተሰረቀ የአያቱን አባት በቅሎ ያነሳችሁ ዕለት ግን በጣም ሳቃችሁ።»

ምን ልበል? ዓለም የምትሠራ መስሎኝ ቀናሁብህ። አንተ ግን የአያትህን መንደር ስም እናትህ ቤት ውስጥ ጮክ ብለህ የምትጠራበት ዘዴ ነበር የምትፈልገው፤ ያገኘኸውም መስፍንና ግዙፋን አልብሰህ ነው። እኛ የጨበጨብነው ለልብሱ ነበር። ገላውን ስታሳየን ሳቅን። ስምንት ዓመት ለምን እንዳልደወልክልን እጠይቅህ ነበር፤ አሁን አልጠይቅህም።

አንድ ነገር ግን ልንገርህና ልጨርስ። ሻንጣውን ሳስገባ ሾፌሩ እናትህን «እማማ፣ ለየትኛው ሰፈር ነዎት?» አላቸው። «ለላይኛው» አሉ። ፊቱ አልተለወጠም። «እንግዲያው በግራ በኩል ይቀመጡልኝ» አላቸውና ራሱ፣ ድልድዩ ላይ ወደ ውሃው እንደሚዞሩት፣ ወደ መስኮቱ ዞረ።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርሱልህ እናትህ ናቸው፤ ከድልሁ ጋር እንዳይጣበቅ በጋዜጣ እጠቀልለዋለሁ። ቪዳን ሳምልኝ፤ በኔም ይሁን በአያቷ ስም የተጠራች፣ ከወንዙ አርቃት። ለካሜሊያ አሁን ከጣቢያው ደውዬ ነገርኳት፤ ዘንዶዋን ይቅር ብላሃለች፤ ያቮር ገና አልሰማም፤ ዛሬውኑ እነግረዋለሁ። መንገዱ ሩቅ ካልሆነ እኛም አንድ ቀን ብቅ እንላለን።

የሳቀብህ ወዳጅህ፣
ትሪፎን

ከፊርማዬ በኋላ የተጨመረ፦ ትኬት ቆራጯን ጠየቅኳት። የሲቮዶል አውቶቡስ በቀን ሁለት ጊዜ አለ፤ የጠዋቱ ለምሳ ይደርሳል።