በደብረ ታቦር ብርድ የተቃኘ ፔዳል

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ ለትርንጎ፣ ካለሽበት ድሬዳዋ።

እታለም፣ እንደምን ሰነበትሽ? ሙቀቱ እንዴት ያደርግሻል? ወባስ አልጎበኘሽም? ምሳሽን በሰዓቱ ትበያለሽ ወይስ ጊታሩን ስትነካኪ ሆድሽን ረስተሽ ትውያለሽ? የግራ እጄ ጣት ቆስሏል ብለሽኝ ነበር፣ ዳነልሽ? አከራይሽስ አሁንም ግቢውን በጊዜ ትቆልፍብሻለች? እኛ ለቸሩ መድኃኔዓለም ምስጋና ይግባውና ደህና ነን። እናታችን ጉልበቷን ከማመሙ በቀር ደህና ናት። ባለቤቴ ዓይናለም ደህና ናት። ልጃችን ትዕግሥት የፊት ጥርሷን ጣሪያ ላይ ወርውራ አዲሱን እየጠበቀች ነው። ከተማውም እንደተውሽው ነው፤ ጧት ብርድ፣ ቀን ንፋስ። ሰላምታዬን ያረዘምሁት የምነግርሽን ነገር ፈርቼ ነው፤ መቼም ታውቂኛለሽ።

እሺ ልናገር። በሹፌሩ በይሻው አውቶቡስ የላክሁልሽ የጊታር ድምፅ ማሻከሪያ ፔዳል እጅሽ ገብቶ ከሆነ፣ እንዲሁ አምነሽው መድረክ ላይ እንዳትወጪ። ሙቀት ሲነካው ድምፁ ይታፈናል። ይህን ያወቅሁት ከላክሁት በኋላ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እንዲህ ነው። ደውዬ እንዳልነግርሽ ኔትወርኩ ከጠፋ ሰነበተ። ስልኬን ወደ ሰማይ አንሥቼ በየጉብታው ስዞር ያየኝ ሰው ሁሉ ጸበል የሚያስፈልገኝ መስሎታል። ሌላ መንገድ ሳጣ ነው ብዕር ያነሣሁት።

ነገሩ የተጀመረው በመጨረሻ በስልክ የተገናኘን ዕለት በነገርሽኝ ነው። የባንዱ አለቃ፣ የጊታርሽ ድምፅ ታጥቦ የተሰጣ ነጠላ ይመስላል፣ ለግንቦት ሚካኤል ማግስት ዝግጅት እንደ ድሮዎቹ ሻካራ ድምፅ ካላመጣሽ ቦታሽን ለሌላ እሰጣለሁ ብሎሻል። አንቺም ከገበያ ርካሽ ፔዳል ገዝተሽ ብትረግጪው ጣሳ ውስጥ የገባ ዝንብ ሆነብሽና፣ ወንድሜ፣ እስቲ የድሮ ራዲዮ ዕቃ አስገባበት ብለሽ ላክሽልኝ። ይኼ ካልሆነልኝ ጊታሬን ሸጬ እመጣለሁ ያልሽው ቃል ደግሞ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ለቀልድ እንዳላልሽው አውቃለሁ፤ ስትቀልጂ ድምፅሽ እንደዚያ አይወርድም።

ፔዳሉን ከፈትሁት። ቆርቆሮው ጥሩ፣ ውስጡ ግን ባዶ ቤት ነው። እነዚያ አዲሶቹ ትራንዚስተሮች ሩዝ ሩዝ የሚያካክሉ፣ ነፍስ የሌላቸው ናቸው። የድሮዎቹን፣ የብረት ቆብ ያጠለቁትን ለማግኘት አቶ ሙላቴ ዘንድ ሄድሁ። ያ ባለ እንጨት ሣጥን ራዲዮናቸው ድምፁ ከጠፋ ዘመን አልፎታል። ለምን እንደፈለግሁት ስነግራቸው፣ እኔ ዜና ስሰማበት የኖርሁትን ልጅቷ ልትዘፍንበት ነው? ብለው ሳቁና፣ ውሰድ፣ ግን ሣጥኑን መልስልኝ፣ ዶሮ ይታቀፍበታል አሉ። ሣጥኑን መልሻለሁ፤ ዶሮዋም ገብታበታለች።

ከውስጡ ያወጣኋቸውን ትራንዚስተሮች አንድ በአንድ ለክቼ የሚስማሙትን ጥንድ በየድሁልሽ። አንዳንድ የዛጉ ዕቃዎችንም ለወጥሁ። ታዲያ እታለም፣ መብራት በዚህ ሰሞን የሚመጣው ሊነጋጋ ሲል ነው፤ ፀሐይ ሞቅ ስትል ይሄዳል። ማጉያው ያለ መብራት አይሠራምና ድምፁን የቃኘሁት ሁልጊዜ በዚያ ሰዓት ነው፣ ጋቢ ደርቤ፣ ጣቴ በብርድ ደንዝዞ። አንቺ ትተሽው የሄድሽውን አሮጌ ጊታር ሰክቼ ክሩን ስመታው ያ የሚያምር ጉርምርምታ ቤቱን ሞላው። እናታችን ከጸሎቷ ተነሥታ መጥታ፣ ልጄ፣ ይኼ በሬ ጉሮሮው ላይ ምን ተሰንቅሮበት ነው? አለችኝ። ትርንጎ የምትፈልገው ይኼን ነው ብላት አማትባ ተመለሰች። እኔ ግን እንደ ሕፃን ደስ ብሎኝ ነበር።

ልክ ነው ያልሁበት ቦታ ሲደርስ ድምፁ የሚቃናባትን የውስጧን ትንሽ ብሎን አተምኋት። አባታችን፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የጠገኑትን ዕቃ ሌላ እጅ እንዳይነካካው በሰም ያትሙ አልነበር? እኔ ሰም አጥቼ በዓይናለም ቀይ የጥፍር ቀለም አተምሁ። አየሽ ኩራቴን? ከእንግዲህ ማንም እንዳይነካት ብዬ።

አሁን ደግሞ አትሳቂብኝ። ድምፁን እየወደድሁት ስለመጣሁ፣ በተረፉት ትራንዚስተሮች ለራሴ አንድ ሠራሁ፤ በጣውላ ላይ፣ ያለ ሣጥን። ትናንት ባልታሰበ ሰዓት፣ በቀትር፣ መብራት መጣ። ሱቁን ታውቂዋለሽ፤ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ የግንቦት ፀሐይ ሲመታው ምድጃ ይሆናል። ጊታሩን ሰክቼ ብመታው መጀመሪያ ተንተባተበ፣ ቀጥሎ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ታፈነ፣ በመጨረሻ ክሩን ስመታ ድምፁ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ባትሪ ቀየርሁ፣ ያው ነው። ብየዳውን ሁሉ ደገምሁ፣ ያው ነው። ተናድጄ ጣውላውን በር ላይ ጥላ ውስጥ አስቀምጬ ውሃ ልጠጣ ሄድሁ። ተመልሼ ብሞክረው እንደ ጧቱ አጉረመረመ። ወደ ውስጥ ባስገባው ደግሞ ሞተ። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። እነዚህ የድሮ ዕቃዎች ሙቀት ሲያገኛቸው ጠባያቸው ይለወጣል፤ እኔም የቃኘሁልሽ ለደብረ ታቦር ጧት ነው እንጂ ለድሬዳዋ አይደለም።

እንቅልፍ ያሳጣኝ ደግሞ ሌላው ነገር ነው። የምትለማመዱበት የሆቴሉ አዳራሽ ማቀዝቀዣ አለው ብለሽኝ ነበር። እዚያ ፔዳሉ መልካም ይሆናል፤ አለቃሽም ይወደዋል፣ አንቺም ልብሽ ይሞላል። ዝግጅቱ ግን ከቀትር በኋላ ሜዳ ላይ ነው። ሰው ሁሉ ፊትሽ ቆሞ እያየሽ ድምፁ ይከዳሻል። እኔ አንቺን አውቅሻለሁ። የትምህርት ቤቱ የወላጆች በዓል ላይ መብራት ጠፍቶ ማጉያው ጸጥ ሲል፣ አንቺ ያበላሸሽ መስሎሽ ክረምቱን ሙሉ ጊታር አልነካሽም። የከተማው መብራት በጠፋ ጥፋቱ ያንቺ! የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው፤ እኔ ሲበላሽብኝ ዕቃውን እሰድባለሁ፣ አንቺ ራስሽን። አሁንም ጣቴ ነው፣ እኔ አልችልም፣ አለቃዬ እውነቱን ነው ትያለሽ። እባክሽ እህቴ፣ ጣትሽ አይደለም። ጣትሽ ምንም አልሆነም።

ስለዚህ የምልሽን አድርጊ። በፔዳሉ ሆድ ያሉትን አራት ብሎኖች በካቻቪቴ ፍቺ። ውስጡ ትንሽ ሰማያዊ ዕቃ አለች፣ አናቷ ላይ ቀይ ቀለም ያለባት። ቀለሙን በምላጭ ፈቅፍቂው፤ ሥሩ ለካቻቪቴ ጫፍ የተሠራ ቀዳዳ ታያለሽ። ይህን በአዳራሹ ውስጥ እንዳታደርጊው፤ ሜዳው ላይ፣ በምትጫወቱበት ሰዓት ይሁን። ፔዳሉ እንደ እናንተው ሙቀቱን ይልመድ። ከዚያ አንዱ ክሩን ይምታልሽ፣ አንቺ በቀስታ፣ በጣም በቀስታ አዙሪያት። ወዴት ነው የማዞረው ብለሽ አትጨነቂ፤ የተበላሸ መስሎሽ እንኳ ብትመልሺያት ትመለሳለች። ደስ የሚልሽ ጋ ስትደርስ ተያት። እኔ እዚህ ሆኜ የቱ ጋ እንደሆነ ልነግርሽ አልችልም፤ ሙቀቱን የምታውቂው አንቺ፣ የሚሰማው ያንቺ ጆሮ። ከእንግዲህም አንቺው ክፈቺያት፣ አንቺው ዝጊያት። መድረክ ላይ ድንገት ከታፈነ ደግሞ መሐረብ ውሃ ነክረሽ ቆርቆሮው ላይ ጣል አድርጊበት፤ በባትሪ ስለሚሠራ አይነዝርሽም። ያም እምቢ ካለ እግርሽን አንሥተሽ አጥፊውና ያለሱ ተጫወቺ። የታጠበ ነጠላም ለክት ይሆናል። መጀመሪያ የነበሩትን አዲሶቹን ዕቃዎች በወረቀት ጠቅልዬ ልኬልሻለሁ፤ ድሬዳዋ ራዲዮ ጠጋኝ አይጠፋምና ካስፈለገ ይመልስልሻል።

አንድ የደበቅሁሽ ነገር አለ። እናታችን ለጣራ ገዳም ስለት ተስላለች። ልጄ ወደ ቤቷ ከተመለሰች ዣንጥላ አስገባለሁ ብላ። አትንገራት ብላኝ ነበር። እኔም ባትመጪ ግድ የለኝም ብዬ አልዋሽሽም፤ ያ ጊታር ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ሳየው ሆዴ ይባባል። ግን ስለቷ በእኔ ብሎን እንዲሰምር አልፈልግም። ተሸንፌያለሁ ብለሽ ሻንጣሽን ይዘሽ ስትመጪ በሩን የምከፍትልሽ እኔ ነኝ፤ የብሎኗን ነገር እያወቅሁ ዓይንሽን በምን ዓይኔ አየዋለሁ? መምጣት ስትፈልጊ ነይ፤ ቤትሽ ነው። ደክሞሽ ነይ፣ ናፍቀሽን ነይ። በብርድ በተቃኘ ዕቃ የተነሣ ብቻ አትምጪ።

ይህን ደብዳቤ ይዘውልሽ የሚመጡት ጎረቤታችን የጨርቅ ነጋዴው ጋሽ አብዱልቃድር ናቸው። ነገ በአዲስ አበባ በኩል ወደ ድሬዳዋ ለዕቃ ይወርዳሉ፤ መንገዱ ክፍት ከሆነ ማለት ነው፣ እሱንም እግዜር ያውቃል። ፈርቼ ይህንኑ ደብዳቤ ደግሜ ጽፌ፣ በሐሙሲት በኩል ለሚመላለስ ሹፌር ሰጥቻለሁ፤ ባሕር ዳር ሲደርስ በፖስታ ይልክልኛል። ሁለቱም ከደረሰሽ፣ ሞገስ አብዷል ብለሽ ለጓደኞችሽ እንዳታነቢ። ጋሽ አብዱልቃድር ቢያንስ ውሃ ሳይጠጡ ከደጅሽ እንዳይመለሱ፤ እንዲያደርሱልኝ ሦስት ጊዜ ለምኜያቸው፣ በአራተኛው፣ ልጄ፣ ካሁን በኋላ አንተን ራስህን ጭኜ ብሄድ ይቀለኛል ብለውኛል።

ዓይናለም ሰላም ብላሻለች፤ የጥፍር ቀለሟን ስለጨረስሁባት ከዚያ እንድትልኪላት ትፈልጋለች። ትዕግሥት ጥርሷ ሲበቅል በስልክ ልታሳይሽ ነው፤ እስከዚያ ጉንጭሽን ስማለች። አቶ ሙላቴ፣ ራዲዮኔ ምን አለ? ብለው ይጠይቁሻል፤ መልስ ላኪላቸው። ለአከራይሽና ለባንዱ ልጆች ሁሉ፣ ለዚያ ለአለቃሽም ቢሆን፣ ሰላም በይልኝ።

እናታችን ይህን ስጽፍ አጠገቤ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትል ነበር። ምን እንደምጽፍ ጠየቀችኝ፤ የፔዳሉን ነገር፣ ስለቱን መናገሬንም ሳልደብቅ ነገርኋት። ተቆጣችኝ። እንዝርቷን ብዙ ካዞረች በኋላ፣ ጻፍላት አለችኝ፤ እኔ የተሳልሁት እንድትመጣ ነው እንጂ እንድትወድቅ አይደለም፤ አሳምራ ተጫውታ ትምጣልኝ በላት፣ እኔ እንደሁ ስንት ዓመት የጠበቅሁ ነኝ፣ አሁንም እጠብቃለሁ።

ወንድምሽ ሞገስ
ደብረ ታቦር
ግንቦት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.