ከድረ ገጹ የጠፋው ፎቶአችን

ለምወድህና ለማከብርህ ወንድሜ ለጋሼ አክሊሉ፣ ፍራንክፈርት

እንደምን ሰነበትክ? እኔና ልጄ ሊና እዚህ በአዲሱ ከተማችን በፍሪድሊ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነን።

ምስጋናዬን በምን ቃል ልንገርህ? እዚያ አንተ ዘንድ ሳለን ከሊና አባት እንድንሸሽ የረዳን ማኅበር ፎቶአችንን ከነስማችንና አሁን ከምንኖርበት ከተማ ጋር ድረ ገጹ ላይ ሲያወጣው፣ እኔ ሦስት ጊዜ ለምኜ መልስ አላገኘሁም። አንተ ግን «የግል መረጃዋ እንዲጠፋላት መጠየቅ በአውሮፓ ሕግ መብቷ ነው» ብለህ በጻፍክ በወሩ አጠፉት። ሊና ደብዳቤያቸውን አንብባ «ማሚ፣ ሶሪ ብለዋል እኮ!» ስትለኝ አለቀስኩ። ውለታህን እግዚአብሔር ይክፈልልኝ።

ሌላው ሁሉ ሰላም ነው። ሺፍቴን ቼንጅ አድርጌ ጠዋት ስለምሠራ፣ ሊናን ከትምህርት ቤት የማመጣት እኔው ነኝ፤ አውቶቡሱን ትተነዋል። ጎረቤቴ ሲምቦ አንድ ሰውዬ በየስማችን እየጠራ እንደጠየቃት ነገረችኝ። «አላውቃቸውም አልኩት» አለች። ተባረኪ አልኳት።

የሊና አባት እዚያ ከቤተ ክርስቲያን አይቀርም ነበር። ባለፈው እሁድ አይተኸው እንደሆነ ብቻ ቶሎ ጻፍልኝ።

አምላክ ጤናህን አብዝቶ ያቆይልን።

እህትህ እህተማርያም