የሰፋህልኝን ሱፍ ለብሼ ራት ሄድኩ

ወንድም ዓለም፣ ልብስ ሰፊዬ፣

«ሰው ቤት ስትጋበዝ ሽክ በል» ብለህ የሰፋህልኝን ሱፍ ግጥም አድርጌ፣ እዚህ የተዋወቅኩት የአውቶቡስ ሾፌር ቤት ለራት ሄድኩ። በቱታና በነጠላ ጫማ በሩን ከፈተልኝ። አፈርኩ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ኮቱንና ክራቫቱን አወለቅኩ፤ እጅጌዬን ሰብስቤ ወጣሁ። ለካ እሱም «እንግዳችን እንዳይሸማቀቅ» ብሎ የሠርጉን ኮት ለብሶ ቆሟል! ቁልፉና ቀዳዳው ግን አንገናኝም ብለዋል። ሚስቱ «ኧረ አውልቀው፣ ሳትቀመጥ ይተረተራል!» ብላ በሳቅ ፈረሰች። እኛ ሰፈር ቢሆን ዓመት ይወራብን ነበር፤ እዚህ ምግቡ እስኪቀዘቅዝ ሳቅን። ያንተን ኮት ባለብሰው ልክክ አለበት።

ፖስትካርዱ ላይ ቦታ አለቀብኝ። እማዬን ጉንጯን ሳምልኝ። በሾፌሩ ቱታ ከች ስል ደግሞ እንዳትቆጣ፤ ኮትህ ባለቤቱን አግኝቷል።